ወደ ሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቦታዎች በአስጎብኚ የሚደረግ የእግር ጉዞ፦ ዕቅድና ዝግጅት

ሰሜን ሸዋ ለአዲስ አበባ ቅርብ ከሆኑት የከፍተኛ ቦታ የእግር ጉዞ መዳረሻዎች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ አንዱ መንገድ ወደ ጥንታዊቷ አንኮበር፣ ሌላው ደግሞ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ አምባና ወደ ጓሳ ይወስዳል። በእነዚህ አካባቢዎች የእግር ጉዞ ለማድረግ የሚያስቡ ዜጎች፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ጎብኝዎች ከመነሳታቸው በፊት ሊያውቋቸውና ሊያሟሏቸው የሚገቡ ነጥቦች ከዚህ በታች ተብራርተዋል።

የሰሜን ሸዋ ከፍታ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻበት ምክንያት

በብዙ አገሮች ተራራ የሚወጣው በእግር ነው። በታንዛኒያው የኪሊማንጃሮ ተራራ፣ ለምሳሌ፣ ተጓዡ ከግርጌ ተነሥቶ ለበርካታ ቀናት ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ድካሙ ራሱ ፍጥነቱን ስለሚገታው ሰውነቱ ከአየሩ መሳሳት ጋር ለመላመድ ጊዜ ያገኛል።

በሰሜን ሸዋ ግን ከፍታው የሚወጣው በመኪና ነው። ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ 3,200 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው የጓሳ አምባ ላይ ሊደርስ ይችላል። አንድ እርምጃ ሳይራመድ የጉዞውን ከፍተኛ ቦታ ይዞታል ማለት ነው። በመሆኑም ለከፍታ ሕመም የሚያጋልጠው ሁኔታ የእግር ጉዞው ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ተጓዡ ገና በመቀመጫው ላይ እያለ ይጀምራል። ሕመሙ የሚገለጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዋ ሌሊት፣ ብርዱ በበረታበትና መኪና ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት ሰዓት ነው።

በባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲነጻጸር በአዲስ አበባ ያለው ሦስት አራተኛ ገደማ፣ በጓሳ አምባ ላይ ያለው ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለከፍታ በከፊል የተላመደ በመሆኑ ከቆላ ከሚመጣ ሰው የተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ይህ ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። «ደገኛ ስለሆንኩ አያሰጋኝም» የሚለው አስተሳሰብ የመጀመሪያዎቹን የሕመም ምልክቶች ችላ ወደ ማለት ሊያመራ ይችላል። ከሰመራ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር ዝቅተኛ ቦታዎች የሚመጡ ተጓዦች ደግሞ ወደ ሰሜን ሸዋ ከመውጣታቸው በፊት ቢያንስ ሁለት ሌሊት በአዲስ አበባ ወይም በተመሳሳይ ከፍታ ቢያሳልፉ ይመከራል።

ዋና ዋና የጉዞ አካባቢዎች

አንኮበር፦ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ የምትገኝ፣ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች ታሪካዊ ከተማ ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን መልእክተኛ ቡድን የተቀበሉት በዚህ አካባቢ ነበር። ዐፄ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ከማዛወራቸው በፊት የሸዋ ንጉሥ ሆነው ከዚሁ አስተዳድረዋል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ብርዳማ አምባ ላይ ካለፈ በኋላ ወደ ከተማዋ ዝቅ ይላል። በአምባው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመንጋ ሲግጡ ይታያሉ።

ወፍ ዋሻ ደን፦ ከአንኮበር በስተሰሜን በገደሉ ፊት ላይ የተዘረጋ የተፈጥሮ ደን ነው። ጽድ፣ ዝግባና ኮሶን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ይገኙበታል። መንገዶቹ ተዳፋትና ጥላማ በመሆናቸው ዝናብ በጣለ ማግሥት በእጅጉ ያንሸራትታሉ።

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ፦ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኝ፣ በጓሳ ሣር፣ በአስታና በጅብራ የተሸፈነ ሰፊ አምባ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በቅርበት ሊታዩ ከሚችሉባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ጥብቅ ሥፍራውን ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረውና ዛሬም የሚያስተዳድረው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። ለጎብኝዎች የሚሆን የማኅበረሰብ ማረፊያና የድንኳን መትከያ ቦታም አለው።

የጉዞ ወቅት መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው የክረምት ወቅት ለእግር ጉዞ አይመከርም። ዝናቡና ጭቃው መንገዱን ያበላሻሉ፤ ጉሙ በገደል አፋፍ ላይ ጥቂት እርምጃ እንኳ አርቆ ማየትን ይከለክላል፤ በገላጣ አምባ ላይ የሚጥል መብረቅም አደገኛ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፤ ገደሉ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። የሌሊቱ ብርድ ግን በዚሁ ወቅት እጅግ ይበረታል። በጓሳ አምባ ላይ የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል የዝናብ ልብስ መያዝ ግድ ነው። በማናቸውም ወቅት ቢሆን ከሰዓት በኋላ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አምባውን ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ዋናው የዕለቱ ጉዞ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ወይም 1 ሰዓት ላይ ተጀምሮ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቢጠናቀቅ ተገቢ ነው።

ከወቅቱ አየር ጠባይ በተጨማሪ የአካባቢው የጸጥታ ሁኔታ በቅድሚያ መጣራት አለበት። ተጓዦች ቀን ከመቁረጣቸውና ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት፣ በድጋሚም ለመነሳት አንድና ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ የሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያን ወይም የሚሄዱበትን ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ወቅታዊ ሁኔታ ሊጠይቁ ይገባል። የሚሰጠው ምላሽ «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ከሆነ ጉዞውን ማዘግየት እንጂ በሌላ መንገድ ለመድረስ መሞከር አይገባም።

የጤናና የአካል ብቃት ዝግጅት

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ እንዲሁም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ከጉዞው በፊት ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል። የስኳር ሕሙማን የመድኃኒታቸውን መጠንና የምግብ ሰዓታቸውን ከሐኪም ጋር አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒቱ በሌሊት እንዳይቀዘቅዝ ከሰውነታቸው አጠገብ አድርገው ማደር ይኖርባቸዋል። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል የሚሰጠው አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ለሁሉም ሰው የማይስማማ በመሆኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለበትም።

አካልን ማዘጋጀት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ቢጀመር ጥሩ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ፣ በሳምንቱ መጨረሻም ለጉዞው የታሰበውን ሻንጣ አዝሎ ዳገትና ቁልቁለት ባለበት ለሦስትና ለአራት ሰዓት መሄድ በቂ መነሻ ይሆናል። በአዲስ አበባ የሚኖሩ ተጓዦች ለዚህ የእንጦጦን ዳገት መጠቀም ይችላሉ። አዲስ ጫማ በዚህ ልምምድ ላይ ተሞክሮ መለዘብ አለበት። ይሁንና የአካል ጥንካሬ ከከፍታ ሕመም እንደማይከላከል ሊታወቅ ይገባል። ብርቱ ወጣቶች ፈጥነው ስለሚራመዱና ሕመማቸውን ለመናገር ስለሚያፍሩ ለሕመሙ የበለጠ የሚጋለጡበት ጊዜ አለ።

የከፍታ ሕመም ምልክቶችና መወሰድ ያለበት እርምጃ

የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች ሊከሰት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፍተኛው ቦታ ላይ በተደረሰ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀላል በሚባለው ደረጃ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካም፣ ራስ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ይታያሉ። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ባለበት ማረፍ እንጂ ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም። ምልክቶቹ በዕረፍት ካልቀለሉ ወይም ከባሱ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ያስፈልጋል።

ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጡ ምልክቶች ደግሞ የሚከተሉት ናቸው፦

• ቀጥ ብሎ መራመድ አለመቻል፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፤
• ግራ መጋባት፣ የንግግር መሳከር ወይም ያልተለመደ ጠባይ ማሳየት፤
• ዐርፎ እንደ ተቀመጠም ትንፋሽ ማጠር፤
• የማያቋርጥ ሳል፣ አረፋ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ዋናው ሕክምና መውረድ ነው። በዚህ ረገድ የአካባቢውን መልክዓ ምድር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ለጓሳ ቅርብ የሆነችው መሐል ሜዳ ሆስፒታል ያላት ከተማ ብትሆንም ራሷም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ ሕመምተኛው እዚያ የመጀመሪያ እርዳታ ቢያገኝም ወደ ዝቅተኛ ቦታ የመውረዱ ጉዳይ አብሮ መታሰብ አለበት። በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲናና ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ዋና መንገድ በአጭር ርቀት ብዙ ከፍታ ያስቀንሳል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአንኮበር አካባቢ ለሚነሣ ሕመምተኛ ደግሞ በአፋፉ በኩል ወደ ታች መውረድ የተሻለ የሚሆንበት አጋጣሚ ስላለ ውሳኔው ከአስጎብኚው ጋር በመመካከር ሊሰጥ ይገባል።

ሰውነትን የሚያላምድ የቀናት አደላደል

ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ በየሌሊቱ የሚታደርበት ቦታ ከቀደመው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ ይመከራል። የሚከተለው የአምስት ቀን አደላደል በዚህ መርሕ ላይ የተመሠረተ ነው።

1ኛ ቀን፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በመኪና መሄድ፤ ከሰዓት በኋላ በከተማዋ ውስጥ በዝግታ መንሸራሸር፤ አዳር በደብረ ብርሃን።

2ኛ ቀን፦ ከፍተኛውን አምባ አቋርጦ ወደ አንኮበር መሄድ፤ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታና በአካባቢው ለግማሽ ቀን መራመድ፤ አዳር በአንኮበር ወይም ተመልሶ በደብረ ብርሃን። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ለማላመድ የሚረዳ ዘዴ ነው።

3ኛ ቀን፦ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ ጓሳ መሄድ፤ ከደረሱ በኋላ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ አጭር ጉዞ ማድረግ፤ አዳር በጓሳ።

4ኛ ቀን፦ በአስጎብኚ መሪነት የሙሉ ቀን የእግር ጉዞ፤ አዳር በጓሳ።

5ኛ ቀን፦ የግማሽ ቀን የማለዳ ጉዞና መመለስ።

ጊዜ ያጠራቸው ተጓዦች ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ጓሳ ሄደው በማግሥቱ ረጅም ጉዞ ለማድረግ ያስባሉ። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን የጓሳን ጉዞ ለሌላ ጊዜ አቆይቶ ደብረ ብርሃንንና አንኮበርን ቢጎበኝ ጤናውንም ገንዘቡንም ይጠብቃል።

አስጎብኚ መምረጥና ውል መያዝ

በሰሜን ሸዋ አፋፍ ላይ ያለ አስጎብኚ መጓዝ ተገቢ አይደለም። የእግር መንገዶቹ በአብዛኛው ምልክት የሌላቸው የእረኞችና የገበያተኞች መንገዶች ናቸው፤ ጉም ሲወርድ የሚለዩት የአካባቢው ተወላጆች ብቻ ናቸው። በጓሳ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ አስጎብኚዎችና የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂዎች፣ እንዲሁም የጭነት እንስሳት አከራዮች አገልግሎት ይሰጣሉ። በሌሎች አካባቢዎች የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የታወቁ አስጎብኚዎችን ሊጠቁም ይችላል። በአስጎብኚ ድርጅት በኩል የሚጓዙ ሰዎች ድርጅቱ ሕጋዊና የታደሰ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ አለባቸው።

ውሉ ከጉዞው በፊት በግልጽ ተነግሮ፣ ቢቻል በጽሑፍ ቢያዝ በመንገድ ላይ ክርክር አያስነሳም። ሊካተቱ የሚገባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

• የጉዞው ቀናት፣ የየዕለቱ መነሻና መድረሻ፤
• የአስጎብኚው፣ የጠባቂው፣ የምግብ አብሳዩና የበቅሎ ነጂው የቀን ክፍያ፣ የእነርሱም ስንቅና መኝታ በማን እንደሚሸፈን፤
• የመግቢያ ክፍያ፣ የሚከፈልበት ቦታና የሚሰጠው ደረሰኝ፤
• ለሕመምተኛ መጫኛ የሚሆን አንድ ትርፍ በቅሎ ወይም ፈረስ፤
• መኪናው የት ሆኖ እንደሚጠብቅና ሾፌሩ በሌሊት እንዴት እንደሚገኝ፤
• ጉዞው በአየር ጠባይ፣ በሕመም ወይም በጸጥታ ምክንያት ቢቋረጥ ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። አስጎብኚው «ከዚህ በላይ አንሄድም» ባለ ጊዜ ገቢው የሚቀርበት ከሆነ፣ መናገር በሚገባው ሰዓት ዝም ሊል ይችላል። ጉዞው ቢቋረጥም የዕለቱ ክፍያ እንደማይጓደልበት በቅድሚያ ከተነገረው ግን በነጻነት ይወስናል። የመመለስ ውሳኔ የአስጎብኚው እንደሆነ የቡድኑ አባላት በሙሉ ከመነሳታቸው በፊት መስማማት አለባቸው።

ልብስ፣ መኝታና የግል ዕቃ

በአማካይ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ነፋስና እርጥበት ሲታከሉበት ብርዱ ከዚህም በላይ ይሰማል። የደብረ ብርሃን ስም ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ጋር ተያይዞ የሚነሣው፣ የመንዝ ሕዝብም ከበጉ ጸጉር በርኖስና ባና ሲሠራ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል። ጥጥ ግን በላብ ወይም በዝናብ ከራሰ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሥር ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ፣ ከመካከል ሱፍ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ደራርቦ መልበስ ይመከራል። በዳገት ላይ አንዱን አውልቆ፣ ዕረፍት ሲደረግ መልሶ መደረብ ላብ እንዳይበርድ ይረዳል።

ከዚህ ሌላ የሚከተሉት ዕቃዎች ሊያዙ ይገባል፦

• ለዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች የሚሆን የመኝታ ከረጢት፣ ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፤
• ቁርጭምጭሚት የሚይዝና የማያንሸራትት ጫማ፣ ሁለትና ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፤
• የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የአንገት ልብስ፤
• ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ በከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ብርድ በሚሰማበት ሰዓት እንኳ ቆዳ ይቃጠላል፤
• በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ትርፍ ድንጋይ፣ ፊሽካ፤
• የግል መድኃኒት፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የራስ ምታት ማስታገሻ፤
• መታወቂያና ጥሬ ገንዘብ።

የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ በሌሊት ስልኩን በመኝታ ከረጢት ውስጥ ማሳደር ይጠቅማል። በሸለቆና በገደል ሥር የስልክ መስመር ላይሠራ እንደሚችልም ታሳቢ መደረግ አለበት።

ስንቅና ውሃ

በከፍታ ላይ አየሩ ደረቅ በመሆኑና ትንፋሽ ስለሚፈጥን ሰውነት ሳይታወቅ ብዙ ውሃ ያጣል። አንድ ተጓዥ በቀን እስከ ሦስት ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ሊያስፈልገው ይችላል። የምንጭ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ከብት ስለሚጠጣበት ፈልቶ ወይም በውሃ ማከሚያ ታክሞ መጠጣት አለበት።

በ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈጃሉ፤ ማገዶም ይጨርሳሉ። ሽሮ፣ አጥሚት፣ ፓስታና ቀድሞ የተዘጋጁ ምግቦች ይሻላሉ። በመንገድ ላይ የሚበላ ስንቅ ከሆነ ደግሞ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የማይበላሹ፣ ለመሸከም የማይከብዱና ኃይል ሰጪ ናቸው።

በጾም ወራት የሚጓዙና እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ምእመናን ይህንን ለአስጎብኚው አስቀድመው ቢያሳውቁ የዕለቱ ጉዞ በዚያው ልክ ያጥርላቸዋል። ሳይበሉና ሳይጠጡ ረጅም ዳገት መውጣት የከፍታ ሕመምን ምልክቶች ከተራ ድካም ለመለየት አስቸጋሪ ያደርጋል።

ለብርድ ተብሎ የሚጠጣ አረቄ ጉዳት አለው። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን የሰውነት ሙቀት በፍጥነት እንዲወጣ ያደርጋል። በእንቅልፍ ሰዓትም አተነፋፈስን ያዳክማል። በመሆኑም ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት መተው አለባቸው።

ቁልቁለት ቀድሞ ዳገት የሚከተልበት ጉዞ

የሰሜን ሸዋ ጉዞ ሌላው መለያው ብዙዎቹ መንገዶች ከአምባው ጫፍ ተነሥተው ወደ ታች የሚወርዱ መሆናቸው ነው። ከአንኮበር ወደ ጥንታዊቷ የገበያ ከተማ አልዩ አምባ የሚወስደው ቁልቁለት ጥሩ ምሳሌ ነው። የሲራራ ነጋዴዎች ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ ይመጡበት የነበረው መንገድ በዚሁ በኩል ያልፋል። ተጓዡ ማለዳ በሙሉ ኃይሉ ይወርዳል፤ ዳገቱ የሚጠብቀው ግን ከሰዓት በኋላ ደክሞትና ፀሐይ በርትታ ባለችበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ለመመለሻ የሚያስፈልገው ጊዜ ለመውረጃ ከሚያስፈልገው እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ታስቦ የመመለሻ ሰዓት ከመነሳት በፊት ሊቆረጥ ይገባል። ያ ሰዓት ሲደርስ የታሰበው ቦታ ባይደረስም መመለስ ነው። በአማራጭም መኪናው ዞሮ ከታች እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል።

በቁልቁለት ላይ የሚጎዳው ጉልበት ነው። አጭር እርምጃ መራመድ፣ ዱላ መያዝና የጫማ ማሠሪያን ጠበቅ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል። ፎቶግራፍ ለማንሳት ወደ ገደል አፋፍ መጠጋት አደገኛ ነው፤ አፋፉ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ የተቦረቦረ አፈር ሊሸፍን ይችላልና።

በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ የሚጠበቅ ሥነ ምግባር

የጓሳ ሣር ለመንዝ ሕዝብ የቤት ክዳን፣ ገመድና ሌላም ብዙ ነገር ነው። ሕዝቡ አምባውን በየተራ እየዘጋና እየከፈተ ለትውልዶች ጠብቆታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የቀድሞው የአጠባበቅ ሥርዓት ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ አዲስ አደረጃጀት ፈጥሮ ጥበቃውን ቀጥሏል። በመሆኑም ጎብኝው እግሩን የሚያሳርፈው ባለቤት ባለው መሬት ላይ ነው።

ሣር ማጨድ፣ ማገዶ መልቀምና ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት ማንደድ አይገባም። ቆሻሻ ተሰብስቦ ወደ ከተማ መመለስ አለበት። ውሻ ይዞ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል። በዓለም ላይ የሚገኙት በዕድሜ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 እንደሚያንስ የሚገመት ሲሆን፣ ለህልውናቸው ከፍተኛ ስጋት ከሆኑት ነገሮች መካከል ከውሾች የሚተላለፉ የእብድ ውሻና መሰል በሽታዎች ይገኙበታል። ጭላዳዎችን መመገብም ጠባያቸውን ያበላሻል፤ ወደ ገበሬው ማሳም ይመራቸዋል። የአካባቢውን ነዋሪዎች፣ በተለይም ሴቶችንና ሕፃናትን፣ ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ተገቢ ነው።

አደጋ ሲያጋጥም

ቡድኑ ከመነሳቱ በፊት የአባላቱን ስም ዝርዝር፣ የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት የያዘ ወረቀት ለማረፊያው ኃላፊ ወይም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም ቤት ለቀረ አንድ የቤተሰብ አባል መስጠት አለበት። ጉም መንገዱን ከሸፈነው ቡድኑ ተሰብስቦ ባለበት ይቆያል እንጂ ተበታትኖ መንገድ አይፈልግም። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚነፋ ፊሽካ የእርዳታ ጥሪ ነው። ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥና ንግግሩ የተያያዘበት ሰው እርጥብ ልብሱ ወልቆ በደረቅ ልብስ ሊሸፈንና ነቅቶ ካለ ትኩስ ጣፋጭ መጠጥ ሊሰጠው ይገባል።

የስልክ መስመር ባለበት ቦታ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 መጥራት ይቻላል። ይሁንና አምቡላንስ የሚደርሰው እስከ መኪና መንገዱ ብቻ ነው። ሕመምተኛውን እስከዚያ የሚያደርሱት በቅሎው፣ አስጎብኚውና የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከመኪና መንገዱ በኋላ ለተሟላ ሕክምና ደብረ ብርሃን ላይ ሪፈራል ሆስፒታል ይገኛል።

ከመነሳት በፊት የሚደረግ የመጨረሻ ማጣሪያ

ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት በነበረው ምሽት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢመልሱ ይመከራል፦

• ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተገኘው መረጃ የዚህ ሳምንት ነው?
• የመጀመሪያዋ ሌሊት የምታልፈው ከ3,000 ሜትር በታች ነው?
• በቡድኑ ውስጥ ሐኪም ማማከር የሚገባው ግን ያላማከረ ሰው አለ?
• በሌሊት ሕመም ቢነሣ መኪናው፣ ሾፌሩና የሚወረድበት መንገድ ታውቀዋል?
• የመመለስ ውሳኔ የአስጎብኚው እንደሆነ ሁሉም ተስማምተዋል?

ከእነዚህ አንዱ እንኳ አጥጋቢ መልስ ካላገኘ ጉዳዩ ከደብረ ብርሃን ሳይታለፍ እልባት ሊያገኝ ይገባል፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ጉድለቱን ለማሟላት ጊዜውም ቦታውም ይጠባል። ስለ መግቢያ ክፍያ፣ ስለ ማረፊያ ቦታዎችና ስለ አስጎብኚዎች ወቅታዊ ዝርዝር መረጃ ከሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ እንዲሁም ከአንኮበርና ከመንዝ ወረዳዎች ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ማግኘት ይቻላል።